የጣና ዓሣ ክረምት ላይ የት ይሄዳል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር የሚኖር ሰው ስለ ጣና መጠየቁ አይቀርም። እንግዳው ስለ ገዳማቱ ይጠይቃል፤ ሙሽራው ስለ ጀልባ ዋጋ። እኔን ደግሞ ዓሣ ወዳድ መሆኔን ያወቀ ሁሉ ስለ ዓሣው ይጠይቀኛል። ተመራማሪ አይደለሁም። ከአጥማጆች ጋር ሻይ እጠጣለሁ፣ የተጻፈ ነገር ካገኘሁ አነባለሁ። በየክረምቱ ግን ያንኑ ጥያቄ ደጋግሜ እመልሳለሁ። እስቲ አንድ ቦታ ልሰብስባቸው።

ክረምት ላይ ነጭ ዓሣ በሽ ነው። ታዲያ አለቀ የምትሉት ምኑን ነው?

በሽ የሚመስለው አንድ ቦታ ስለተሰበሰበ ነው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። ነጭ ዓሣ በጋውን በዚያ ሁሉ ውኃ ውስጥ ተበትኖ ያሳልፋል፤ አጥማጁም ሲፈልገው ይንከራተታል። ሰኔ አልቆ ወንዞቹ መሙላት ሲጀምሩ ግን ዓሣው ወደ ወንዝ አፍ ይመጣል። ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ግልገል ዓባይ። እዚያ ይከማችና ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ጎርፉን እየቀደደ ሽቅብ ይወጣል። የሚወጣው እንቁላል ሊጥል ነው።

ወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ታዲያ በጥቂት ሌሊት የወር ሥራውን ይሠራል። ገበያው ይሞላል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ እኛም «ዓሣ በዛ» እንላለን። ሠርግ ቤት ገብቶ ታዳሚውን ያየ ሰው የአገሩ ሕዝብ በዛ ቢል ምን ትሉታላችሁ? ዘመድ አዝማዱ ከየቦታው ተጠርቶ የመጣ መሆኑን ረስቶታል።

ቆጠራው የሚለው ሌላ ነው። ተመራማሪዎች በ1983 ዓ.ም. አካባቢ የጣናን ዓሣ ቆጥረው ነበር። አሥር ዓመት ገደማ ቆይተው ደገሙት። የነጭ ዓሣው መጠን 75 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። የጫጩቶቹ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። አዋቂው ቢቀንስ ተተኪ አለ ይባላል። ጫጩቱ ሲጠፋ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ወንዝ ውስጥ ምን ፍለጋ ነው የሚወጣው? ሐይቁ አይበቃውም?

ጠጠር ፍለጋ ነው። የሐይቁ ወለል በአብዛኛው ጭቃ ነው። ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ጭቃ ላይ ቢጥለው ይታፈንበታል። ንጹሕ ጠጠር ይፈልጋል። በጠጠሩ መሀል ደግሞ የሚሮጥ፣ አየር የጠገበ ውኃ ይፈልጋል። ይህ የሚገኘው ከሐይቁ ርቆ፣ ወንዙ ከደጋ በሚወርድበት በኩል ነው።

አንድ ነገር እኔንም ግራ ሲያጋባኝ ቆይቷል። ክረምት ላይ ጉማራን አይታችሁታል? ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። በዚያ ድፍርስ ውኃ ውስጥ ምን ንጹሕ ጠጠር አለ? መልሱ ያለው ገባሮቹ ጋ ነው። ዓሣው ትልቁን ወንዝ እንደ መንገድ ይጠቀምበታል እንጂ አይቀመጥበትም። ብዙ ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ ወደ ትንንሾቹ ጅረቶች ይታጠፋል። እዚያ ውኃው ጠራ ይላል፣ ከሥሩም ጠጠር ነው። እንቁላሉን ይጥልና ወደ ሐይቁ ይመለሳል።

ሁሉም ባንዴ አይወጡም። ዝርያው ሲለያይ ሳምንቱም ጅረቱም ይለያያል። ግማሽ ያህሉ ዝርያ እንዲያውም ወንዝ ላይ ታይቶ አያውቅም፤ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ሳይራባ አይቀርም ይባላል።

እዚህ ላይ ነው የኔ ክርክር ያለው። «ጣናን እንጠብቅ» ሲባል ሁሉም ዓይኑን ወደ ሐይቁ ይወረውራል። ዓሣው ግን የሚፈለፈለው ከሐይቁ ርቆ፣ ደራና ፋርጣ በኩል፣ ስሙን የመንደሩ ሰው ብቻ በሚያውቀው ጅረት ውስጥ ነው። ከወንዙ አሸዋና ጠጠር ሲጫን የዓሣው አልጋ ነው አብሮ የሚጫነው። ተዳፋቱ ታርሶ አፈሩ ሲታጠብ ደለሉ ጠጠሩን ይደፍነዋል። በጋ ላይ የውኃ መሳቢያ ሞተሮች ተደርድረው ወንዙን ሲመጡት የቀረው ጫጩት ኩሬ ውስጥ ይቀራል። ርብ ላይ ግድብ ተሠርቷል። ግድብ ለመስኖ ጥሩ ነው፤ ሽቅብ ለሚወጣ ዓሣ ግን ግንብ ነው።

ነጭ ዓሣ የሚባለው አንድ ዓይነት ነው?

አይደለም። ወደ 15 የሚሆኑ ዝርያዎች ናቸው። ሳይንሱ ላቢዮባርበስ የሚል የወል ስም ሰጥቷቸዋል። አብዛኞቹ ከጣናና ከገባሮቹ ሌላ የትም የሉም። ከሩቅ አንድ ይመስላሉ፤ ጠጋ ብላችሁ አፋቸውን እዩ። የአንዱ አፍ ወደ ታች ዞሯል። የሌላው ሰፊ ሆኖ ወደ ላይ ያፈጣል። አንዱ ከንፈሩ ወፍራም ነው። አፋቸው የተለያየው የሚበሉት ስለተለያየ ነው። ስምንቱ ሌላ ዓሣ አሳድደው የሚበሉ አዳኞች ናቸው። ይህ ለምን ያስገርማል መሰላችሁ? የዚህ ዓሣ ወገን መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። በድዱ የሚያድን አዳኝ ማለት ነው።

ትንሽ ላስረዝምባችሁ፣ ይህ ነገር ስለሚገርመኝ። ከሐይቁ ሥር ተቆፍሮ የወጣው ደለል እንደሚያሳየው ጣና ከ16,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር። ዛሬ የምናየው ውኃ ከዚያ በኋላ የሞላ ነው። ከታች በኩል ደግሞ ጢስ ዓባይ አለ፤ 40 ሜትር ያህል ይወረወራል። ከሱዳን በኩል የሚመጣ ዓሣ ያንን አይዘልም። ስለዚህ ከላይ የነበረው ዓሣ ሰፊ ባዶ ቤት አገኘ፣ በሩም ከኋላው ተዘጋ። ክፍል ክፍሉን ተካፍሎ ያዘው። አንዱ ጭቃው ላይ፣ አንዱ ቋጥኙ ሥር፣ አንዱ መሀል ውኃው ላይ። በእንዲህ ያለ አጭር ጊዜ ይህን ያህል ዝርያ መውጣቱ ሳይንቲስቱን ሁሉ ያስደንቃል። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ የሚባል ሐይቅም ተመሳሳይ የዓሣ ቤተሰብ ነበረው። ከውጭ በገባ ዓሣና በማጥመድ ብዛት ከዚያ አብዛኛው ጠፍቷል።

ቆሮሶና አምባዛስ?

እነሱ ጠጠር አይፈልጉም፤ ዳር ነው የሚፈልጉት። ቆሮሶ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ለዚህ ሥራ ሣር ያለበት፣ ጥልቀት የሌለው ውኃ ይመቻታል። አምባዛ ደግሞ ውኃው ሜዳውን ሲያጥለቀልቀው በሌሊት ሣሩ ውስጥ ይጥላል። የፎገራና የደንቢያ ጎርፍ ለገበሬው ራስ ምታት ነው። ለአምባዛ ግን ማዋለጃ ክፍሉ ነው።

ጣና ባሕር ከተባለ የባሕር ኤሊ ለምን የለውም?

ይህን የጠየቀችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ከተማችን «ባሕር ዳር» ናት፣ ቴሌቪዥን ላይ የባሕር ዳር ኤሊ እንቁላል ስትጥል አይታለች። ታዲያ የኛ ኤሊ የታለች? ጥያቄው ልክ ነው። በአማርኛ ሰፊ ውኃ ሁሉ ባሕር ተብሎ ኖሯል። የባሕር ኤሊ ግን የጨው ውኃ ፍጥረት ናት። ጣና ደግሞ ጨው የለውም፣ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው። ለኛ ቅርብ የምትባለው የቀይ ባሕሯ ኤሊ ናት፤ ዳህላክ ደሴቶች ላይ እየወጣች አሸዋ ውስጥ ትጥላለች።

ጥያቄው ግን ቀላል አይደለም። ስለ ባሕር ኤሊ ሳነብ የኛው ነጭ ዓሣ ነው ትዝ ያለኝ። ኤሊዋ ዓመታት በውቅያኖስ ስትዞር ትኖርና ለመውለድ ስትደርስ ራሷ ወደተፈለፈለችበት አካባቢ ትመለሳለች። መንገዱን የምታገኘው የመሬትን መግነጢስ እየተከተለች ነው። ሌሊት ወደ የብስ ትወጣለች፣ ትቆፍራለች፣ 100 ያህል እንቁላል ትጥላለች፣ አልብሳው ትመለሳለች። በቃ። አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ በ1991 እ.ኤ.አ. ለዚህ ተብሎ የተከለለ የባሕር ዳርቻ አለ። አርቺ ካር ይባላል፣ ዕድሜውን ኤሊ ሲያጠና በኖረ ሰው ስም። ርዝመቱ 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የተከለለው ውቅያኖሱ አይደለም። ውቅያኖስን ማን ይከልላል? የተከለለው አሸዋው ነው። በእንቁላል ወቅት ዳርቻው ላይ ያሉ ቤቶች መብራታቸውን ያጠፋሉ ወይም ይሸፍናሉ፤ ጫጩቱ ብርሃን ተከትሎ ወደ መንገድ እንዳይወጣ።

ለእህቴ ልጅ ያልኳት ይህንን ነው፦ የኛ ኤሊ ነጭ ዓሣ ነው፣ የኛ አሸዋ ጉማራ ነው። አልተዋጠላትም። ኤሊ ነው የፈለገችው።

ጣናን ዩኔስኮ መዝግቦት የለ? ከዚህ በላይ ምን ጥበቃ አለ?

መዝግቦታል። ሰኔ 2007 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዘገበ፤ ስፋቱ ወደ 700 ሺህ ሄክታር ይጠጋል። ግን ባዮስፌር ማለት አጥር ያለው ፓርክ አይደለም። ሰው ይኖርበታል፣ ያርስበታል፣ ያጠምድበታል። ጥብቅ የሆነ እምብርት አለ፣ በዙሪያው አዋሳኝ፣ ከዚያ ወዲያ የልማት ክልል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ዓሣ ማጥመድን የሚመለከት ሕግም አለ፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995። ጉዳዩ ወረቀቱ አይደለም። ነሐሴ ላይ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ወንዝ አፍ ላይ ቆሞ «መረብህን አንሳ» የሚል ማን ነው? እሱ ነው ጥያቄው።

በፍልሰታ ዓሣ መብላት ጥፋት ነው?

ሃይማኖቱን ለአባቶች እተወዋለሁ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እኔ ከመወለዴ በፊት ነበረ፣ ከኔ በኋላም ይኖራል። እኔ የማወራው ስለ ቀን መቁጠሪያው ነው። የሰኔ ጾም እየተጋመሰ ዓሣው ወደ ወንዝ አፍ ማዝገም ይጀምራል። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ ዓሣው ሽቅብ በሚወጣበት ሰሞን። ሥጋ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ዓሣ ቤቱ ይሞቃል። የሰው ጾምና የዓሣ ሠርግ አንድ ላይ ገጠሙ።

አንድ ነሐሴ ርካሽ አገኘሁ ብዬ ሦስት ትልልቅ ነጭ ዓሣ ይዤ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ሆድ ስትከፍተው እንቁላል ሳህኑን ሞላው። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውም። «ይሄማ አራስ ቤት ልትገባ ነበር» አለችና ቢላዋውን አስቀመጠች። እንቁላሉን ጥለን ሥጋውን በላን፤ አልዋሽም። ጥብሱ ግን እንደ ሌላ ጊዜው አልሆነልኝም። ከዚያ ወዲህ ከሐምሌ እስከ መስከረም ነጭ ዓሣ ቤቴ አይገባም።

ቆሮሶ ይገባል። እሱም ክረምት ላይ ይራባል፤ ግን ቶሎ ያድጋል፣ ዓመቱን ሙሉም ትንሽ ትንሽ ይራባል። ነጭ ዓሣ ዘገምተኛ ነው፤ ለመውለድ ዓመታት ይፈጅበታል። አንዷን ባለ እንቁላል መብላት የአንድ ዓሣ ወጪ አይደለም።

ፊሌቶ ሆኖ ከቀረበላችሁ መለየት ይቸግራል። እኔ ሙሉውን አሳዩኝ እላለሁ። ቆሮሶ ሰፋ ያለ ነው፣ ጀርባው ላይ ያለው ክንፍ ይዋጋል። ነጭ ዓሣ ረዘም ብሎ ቅርፊቱ ትልልቅና ብርማ ነው። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ጢም አለው። ቅርፊት ስለሌለውም ብዙ ሰው አይነካውም።

ብርብራ በትኖ ማጥመድ ጉዳቱ ምንድን ነው? ዛፉ እኮ የተፈጥሮ ነው።

የተፈጥሮ መሆኑ ምንም አያድንም። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲበተን ዓሣው አየር መጠቀም ያቅተዋል፤ ደንዝዞ ይንሳፈፋል። አዋቂው ይለቀማል። ጫጩቱ፣ እንቁላሉ፣ ዓሣው የሚበላው ትንኙ ሳይቀር እዚያው ያልቃል። በጠባብ ጅረት ውስጥ፣ በመራቢያ ወቅት ሲሆን የአንድ ዓመት ልደት በአንድ ከሰዓት ይጠፋል። በመርዝ ማጥመድ በሕግም ክልክል ነው። እኔ ከሁሉም ማጥመጃ ይህን እጠላለሁ።

አጥማጁ ታዲያ ምን ይብላ?

ይህን የሚጠይቁኝ አጥማጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ እውነታቸውን ነው። ድሮ የነገደ ወይጦ ሰዎችና የደሴቱ ነዋሪ በታንኳ ዳር ዳሩን ያጠምዱ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ የሞተር ጀልባና ረጅም መረብ ገባ፤ ገበያውም አዲስ አበባ ድረስ ተዘረጋ። ቀጥሎ ሞኖፊላመንት የሚባለው ርካሽ መረብ መጣ፤ እንደ ፕላስቲክ ክር ቀጭን ነው፣ ውኃ ውስጥ አይታይም፣ ሲቀደድ ይጣላል። የተጣለውም መያዙን አያቆምም። መሬት የሌለው ወጣት በትንሽ ገንዘብ ይህን ገዝቶ ሐይቅ ሲገባ ምን ይባላል?

የኔ ሐሳብ ሐይቁን ሙሉ ይዘጋ አይደለም። የወንዞቹ አፍና ጅረቶቹ ለሁለት ሦስት ወር ይረፉ ነው የምለው። በነዚያ ወራት መሀል ሐይቁ ክፍት ነው፣ ቆሮሶ አለ። ቦታው ጠባብ ነው፣ ወቅቱም አጭር ነው። ለመጠበቅ ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። ግን ጥበቃው ከአጥማጁ ካልጀመረ አይሆንም፤ የትኛው ወንዝ መቼ እንደሚወጣበት ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

እምቦጩስ?

ስለ እምቦጭ ብዙ ስለተባለ አሳጥረዋለሁ። የደቡብ አሜሪካ አረም ነው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ መገጭ አፍ አካባቢ ታየና ተስፋፋ። ከእናቲቱ ልጅ እየወጣ ይባዛል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይነሣል። ብርሃንና አየር ይከለክላል። አስተውሉ ግን የት እንደሚቀመጥ፦ ጥልቀት የሌለው ዳርና የወንዝ አፍ ላይ። ቆሮሶ የምትወልድበት፣ ነጭ ዓሣ የሚያልፍበት ቦታ ላይ።

ደንገል ለታንኳ መቁረጥ ረግረጉን አያጠፋም?

አያጠፋም። ደንገል ከላይ ሲቆረጥ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ለዘመናት ታንኳ ሲሠራበት ኖሯል፣ አልጠፋም። የሚያጠፋው ሥሩ ሲነቀልና ረግረጉ ሲደርቅ፣ ሲታረስ ነው። ፎገራ ላይ ሩዝ ከገባ ወዲህ ሜዳው ዋጋ አወጣ፣ ገበሬውም ተጠቀመ። ሸሸርና ወለላ የሚባሉት ረግረጎች ግን እየጠበቡ መጥተዋል።

ረግረጉ የዓሣ ብቻ አይደለም። ራሱ ላይ የወርቅ ጉንጉን የደፋ የሚመስለው ረጅም ወፍ፣ ባለ ዘውዱ ክሬን፣ ክረምት ላይ በውኃ የተከበበ ሣር መሀል ሁለት ሦስት እንቁላል ይጥላል። ውኃው ነው አጥሩ። ውኃው ቀድሞ ከደረቀ ውሻም እረኛም ይደርስበታል። በጋ ላይ ደግሞ ከአውሮፓ የሚመጡ ግራጫ ክሬኖች አሉ። ከአጨዳ የተረፈ እህል ሲለቅሙ ይውሉና ማታ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ጥዋት ሲነሡ ጩኸታቸው ከመታየታቸው በፊት ይደርሳል።

ጉማሬው ያጠቃል?

ከተጠጋችሁት አዎ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ይታያል። ቀን ውኃ ውስጥ ነው፣ ማታ ሣር ሊግጥ ይወጣል። በሱና በውኃው መሀል አትግቡ። ባለ ጀልባው «ራቅ እንበል» ካለ ለፎቶ ብላችሁ አትለምኑት።

ይህን ሁሉ ማየት ብፈልግ መቼ ልምጣ?

ለወፍ ከኅዳር እስከ ጥር። ፔሊካን ከሆነ ግን መጓዝም አያስፈልግም፤ ጥዋት ዓሣ የሚራገፍበት ዳር ሂዱ፣ ትርፍራፊ ጥበቃ ተሰልፈው ታገኟቸዋላችሁ።

የነጭ ዓሣውን ጉዞ ማየት ይከብዳል፤ በድፍርስ ውኃ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ነሐሴ ላይ መንገዱ ሰላም ሆኖ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የምትሄዱ ከሆነ ግን ወረታ ከመድረሳችሁ በፊት ጉማራን በድልድይ ታቋርጣላችሁ፣ ወረታን እንዳለፋችሁ ርብን። ሹፌሩ ፈቃደኛ ከሆነ ጉማራ ላይ አንዴ ውረዱና ወደ ታች እዩ። ቡናማ ጎርፍ እንጂ ምንም አይታያችሁም። ከሥር ግን እየወጣ ነው።